በሸራ የተሸፈነው መኪና እና በመሶብ የተቀመጠው መና

ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ እየተቀመሰ ሳለ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። ፎቶው የመኪና ነው፤ ጥቁር፣ ትከሻው የሰፋ ዶጅ ቻሌንጀር። «መምህር፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለኝ። «ከ2023 ወዲህ መሥራቱን አቁመዋል። ገዝተህ ሸፍነህ ካስቀመጥከው ከ20 ዓመት በኋላ ቤት ይገዛልሃል ይሉኛል። ጥበብ ነው ወይስ ኃጢአት?»

አልሳቅሁበትም፤ ወዲያውም አልመለስኩለትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ለሰባኪ የሚቀለው «ሀብት ኃላፊ ነው፣ ልብህን አትስጠው» ብሎ ማሰናበት ነው። ልጁ ግን ኃላፊ መሆኑን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እሱ የጠየቀኝ ሲያልፍ በስንት እንደሚያልፍ ነው። ስለዚህ «በሳምንቱ እንመለስበት» አልኩት፤ በሳምንቱም ለእሱና ለጓደኞቹ ያስተማርኩት ይህ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን ይህን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን እንደገባሁ፣ እንደ ብዙ ወገኖቼ፣ ሥራዬ ከሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ነበር። ሁለተኛው ምድር ቤት ጥግ ላይ፣ ከዓምዱ ሥር፣ ግራጫ ሸራ የለበሰ የስፖርት መኪና ነበር። ባለቤቱ በየወሩ ይከፍላል እንጂ አይነዳውም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሸራውን እስከ ግማሹ ይገልጣል፣ አቧራውን ያብሳል፣ ሞተሩን አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ያህል ያዳምጣል፣ መልሶ ይሸፍናል። አንድ ቀን ሸራውን ሲገልጥ ጎማው ተኝቷል፤ ባትሪው ሞቷል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ከሽቦዎቹ መካከል የአይጥ ጎጆ ወጣ። ሰውየው አልተቆጣም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ዝም ብሎ አየው። «ሁለት ሺህ ማይል እንኳ አልነዳሁትም እኮ» አለኝ። ምን እንደምለው አላወቅሁም።

ከቃሉ እንጀምር። ሊቃውንቱ ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ እንደሚተረጉሙ፣ እኛም «ብርቅ» የምትለውን ቃል እንፍታት። ብርቅ ማለት ጥቂት ማለት ነው። አንድም፣ ብዙ ሰው የሚመኘው ማለት ነው። አንድም፣ መሰሎቹ ጠፍተው እሱ የተረፈ ማለት ነው። የመኪና ሻጭ የሚነግርህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ቁጥር ማሳየት ቀላል ነውና። ትልቁ ዋጋ የሚወለደው ግን ሦስቱ ሲገናኙ ነው።

ሦስቱ የተገናኙበትን እንይ። ፌራሪ 250 ጂቲኦ የሚባለው መኪና ከ1962 እስከ 1964 ድረስ የተሠራው 36 ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ በ2023 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ 51.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ይህን የሰማ ሁሉ «36» በሚለው ቁጥር ላይ ይቆማል። እኔ ግን የመኪናውን የኑሮ ታሪክ እንድታዩ እፈልጋለሁ። የተሠራው ሊሮጥ እንጂ ሊቀመጥ አልነበረም። ተሮጠበት፣ ተጋጨ፣ ተጠገነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚቀድመው መጣና አሮጌ የውድድር መኪና ሆኖ ቀረ፤ አሮጌ የውድድር መኪና ደግሞ ገበያ አያስኬድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አያደርስ። ከ36ቱ አንዱ ቴክሳስ ውስጥ ቪክቶሪያ በምትባል ከተማ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ተማሪዎች መካኒክነት ይማሩበት ነበር። በ1972 በ6,500 ዶላር ተሸጠ። የገዛው ሰው ወደ ኦሃዮ ወሰደውና ተጎታች ላይ እንዳለ ሜዳ ላይ አቆመው፤ ዝናቡም በረዶውም ለዓመታት ወረደበት። ዛሬ የዚያ መኪና ወንድሞች በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ይሸጣሉ። ሻጮቹ ሞኞች ነበሩ አትበሉ። መኪናው ያን ጊዜም ከ36ቱ አንዱ ነበር፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ያልተወለደው ፍላጎቱ ነው።

ፍላጎት መቼ ይወለዳል? እኔ እንዳየሁት፣ ልጅ ሆኖ መኪናውን በግድግዳው ላይ የለጠፈው ሰው ገንዘብ ሲይዝ ነው። በ15 ዓመቱ የተመኘውን በ45 ዓመቱ ይገዛል። ቶዮታ ሱፕራን ውሰዱ፤ በ1993 የወጣውን። አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጥቶ ከ1998 ሞዴል በኋላ ቶዮታ እዚህ መሸጡን ተወው። በ2001 ግን «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የተባለው ፊልም ወጣ፤ ብርቱካናማ ሱፕራ ታየ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ወንዶች ልጆች አበዱ። ፊልሙ ላይ ፖል ዎከር ከነዳቸው አንዱ በ2021 በጨረታ 550,000 ዶላር ወጣበት። ኒሳን ስካይላይን አር 34 ጂቲአርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ በአገሩ የደኅንነት ደንብ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ሳይሞላው እንዲገባ አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ትውልድ በጨዋታ ስክሪን ላይ ብቻ እየነዳው አደገ፤ መኪናው በ1999 ተሠርቶ በ2024 በሩ ተከፈተለት። 25 ዓመት ሙሉ የተከለከለ ነገር ምን ያህል እንደሚያስጎመጅ ጾም የያዘ ሰው ያውቃል።

ማክላረን ኤፍ 1 ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ሰብሳቢዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በ1990ዎቹ ግን ኢኮኖሚው ደክሞ ስለነበር ገዢ ታጣለት፤ የውድድሩም የመንገዱም ተደምሮ 106 ተሠርቶ ቆመ፤ የመንገዱ 64 ብቻ ናቸው። በ2021 ፔብል ቢች ላይ አንዱ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ሌክሰስ ኤልኤፍኤም 500 ተሠርቶ ምርቱ በ2012 ቆመ፤ ከዓመታት በኋላም አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ ሻጮች ቤት ያልተሸጡ አዲሶች ነበሩ። 375,000 ዶላር የተጠየቀበት ያ መኪና አሁን ደህና ሆኖ ከተገኘ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሲወጡ «አስቀምጡኝ፣ እከብራለሁ» ብለው አልመጡም። ማክላረኑ ጥቂት የቀረው ሰው እምቢ ስላለው ነው፤ ሌክሰሱም ቁጥሩ ቀድሞ ቢወሰን እንኳ ገዢ ሲጠብቅ ቆይቷል።

አሁን የተገላቢጦሹን ልንገራችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉብኝ።

በ1978 ሼቭሮሌ ኮርቬት የኢንዲያናፖሊስ ውድድር መሪ መኪና ሆነ። ኩባንያው በዚያው መልክ፣ ጥቁርና ብርማ ቀለም ቀብቶ፣ ለእያንዳንዱ ሻጭ ቢያንስ አንድ እንዲደርሰው 6,502 ሠራ። የተለጠፈበት ዋጋ 13,653 ዶላር ነበር። «ይህ ቅርስ ይሆናል» ተባለ፤ ዎል ስትሪት ጆርናል ግርግሩን በመጀመሪያ ገጹ ጻፈው፤ ሰው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ጨምሮ እየገዛ፣ የመቀመጫውን ላስቲክ እንኳ ሳይገፍፍ ጋራዥ ውስጥ ቆለፈበት። ዛሬ ከእነዚያ አብዛኞቹ፣ የዶላርን መርከስ ካሰባችሁ፣ አዲስ ሆነው የተገዙበትን እንኳ አይመልሱም። ለምን? ሁሉም ስላስቀመጡት። የተበላሸ የለም፣ የጠፋ የለም፣ ስለዚህ የተረፈ የለም። ሦስተኛው «አንድም» ከሥሩ ተነቀለ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካዲላክ ደግሞ «የመጨረሻ» የምትለዋን ቃል ሸጠ። የ1976ቱ ኤልዶራዶ ጣራው የሚከፈት የመጨረሻው የአሜሪካ መኪና ነው ተባለ። 14,000 ተሠሩ፤ የመጨረሻዎቹ 200 ነጭ ተቀቡ። ሰው እንደ ውርስ መሬት ተሻማባቸው። በ1982 ክራይስለር ጣራው የሚከፈት መኪና ይዞ መጣ። በ1984 ራሱ ካዲላክ ጣራው የሚከፈት ኤልዶራዶ አወጣ። «የመጨረሻ» ተብለን ነው የገዛነው ያሉ ሰዎች ኩባንያውን ከሰሱት። ኩባንያ ስለ ነገ የሚናገረው የነገን ገዢ ሳያይ ነው፤ ነገ ገዢ ሲመጣ ቃሉን ይረሳል። ክፋት ነው አልልም፤ ንግድ ነው።

ወደ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ሂዱ። ሕዝቡ በምድረ በዳ መና ሲለቅም ለእያንዳንዱ የዕለቱ ጎሞር ተሰፈረለት። ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው ማለዳ ሲያየው ተልቶ ገማ። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ አንድ ጎሞር መና ተሰፍሮ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ያ ሳይበላሽ ለትውልድ ቆየ። በመሶበ ወርቅ የነበረው እሱ ነው። መናው አንድ ነው፤ የወረደውም ከአንድ ሰማይ ነው። አንዱ የገማው ሌላው የቆየው በምን ተለይቶ ነው? የመጀመሪያው የተቀመጠው ነገ ይጎድልብኛል በሚል ፍርሃት ነው። አንድም፣ ሁሉም ሰው ባለው ነገር ላይ ክምችት መጨመር ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ግን የተቀመጠው ላላዩት ልጆች እንዲታይ፣ ለመታሰቢያ ነው፤ ያውም አንድ ብቻ።

ይህን በመኪና ማየት የሚፈልግ ሰው ሽቱትጋርት ይመልከት። መርሴዲስ በ1955 የሠራቸው 300 ኤስኤልአር ኡሌንሃውት ኩፔ የሚባሉ ሁለት መኪኖች ነበሩት። አልሸጣቸውም፤ ለታሪኩ አስቀመጣቸው። በ2022 አንደኛው በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፤ በዓለም እስካሁን ለመኪና ከተከፈለው ሁሉ ይበልጣል። ገንዘቡ ለወጣቶች የትምህርት ዕድል ፈንድ ዋለ። ወንድሙ እዚያው ሙዚየም ቀረ። ለ67 ዓመት ያኖረው ሰው ዋጋውን እያየ አይደለም ያኖረው። በርግጥ ማንኛችንም የመኪና ፋብሪካ የለንም፤ ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ልጁ ቻሌንጀር እንምጣ። ኮፈኑን ስትከፍቱት ውስጡ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ «የመጨረሻ ጥሪ» የሚል ተጽፎባታል፤ አጠገቡም የት እንደተነደፈና የት እንደተገጠመ። ደስ የምትል ሰሌዳ ናት። ነገር ግን ዶጅ ይህችን ሰሌዳ የለጠፈው በ2023 በሠራቸው ቻሌንጀሮችና ቻርጀሮች ሁሉ ላይ ነው፤ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩት ላይ። ከእነዚህ መካከል እውነት ጥቂት የሆነው ዲመን 170 የተባለው ነው፤ 1,025 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 3,300 ያህል እንዲሠራ የታቀደው። የልጁ እሱ አይደለም። ደግሞስ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሞተር የለም» የተባለው ነገር ምን ሆነ? መስመሩ የተዘጋው በታኅሣሥ 2023 ነበር። በ2025 የዚያው ቤት ልጅ የሆነው ራም፣ ያንኑ ዓይነት ሄሚ ቪ 8 ሞተር ወደ ፒካፑ እንደሚመልስ አስታወቀ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ኤልዶራዶ ቢያንስ ስምንት ዓመት ቆይቷል።

ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ምድራዊ መዝገብ ሲያስተምር ሦስት ጠላቶች አንሥቷል፤ ብል፣ ዝገትና ሌባ። ሰባኪዎች ይህን ቶሎ ወደ ነፍስ እናሻግረዋለን። ዛሬ በብረቱ ላይ እንቆይ።

ሌባው ቀላል ነው። በ2023 በአሜሪካ የኢንሹራንስ መረጃ ያጠኑ ሰዎች ባወጡት ዝርዝር፣ ከቁጥሩ አንጻር እጅግ የተሰረቀው መኪና የቻሌንጀር ወንድም የሆነው ቻርጀር ሄልካት ነበር። ሌባ ጥሩ ዓይን አለው፤ ብርቅነትን ግን አይጠብቅም።

ዝገቱ ከድሮው ይለያል። ያን ጊዜ ዝገት ማለት ቆርቆሮ ሲበላ ነው፤ ቀጥቅጠህ፣ በይደህ፣ ትቀባዋለህ። የዛሬ ፈጣን መኪና ግን የሚሞተው በአንጎሉ ነው። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ማርሹን፣ መሪውን ሳይቀር የሚያዝዙ ብዙ ኮምፒውተሮች አሉት፤ እነሱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር የባለቤቱ አይደለም፣ ያለ ፋብሪካው መሣሪያም አይከፈትም። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ያ 20 ሚሊዮን የሚያወጣው ማክላረን ኤፍ 1 ሲታመም ለዓመታት የሚያናግረው በ1990ዎቹ የተሠራ ኮምፓክ ላፕቶፕ ብቻ ነበር፤ በውስጡ ለዚሁ የተሠራ ካርድ አለው። ስለዚህ የኩባንያው ባለሙያዎች የትም ሰው የጣለውን አሮጌ ኮምፓክ እየፈለጉ ይይዙ ነበር። ይህ እንግዲህ ኮምፒውተር ገና ሕፃን በነበረበት ዘመን የተሠራ መኪና ነው። የ2023ቱ በ2053 ምን ይሆናል? ሃያ ሚሊዮን ለሚያወጣ መኪና ሰው ላፕቶፕ ይፈልግለታል። ለስልሳ ሺህ ዶላር መኪና ግን ማንም ቁም ሳጥን አይፈትሽም።

ብሉም አልቀረም። ባለፈው ጊዜ አንድ ወንድም ከሚሠራበት ጋራዥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ፌራሪ አሳየኝ። ማራኪ ነው። በሩን ከፍቼ የመስኮቱን ቁልፍ ስነካ ጣቴ ላይ እንደ ቀለጠ ሙጫ ተጣበቀ። የዚያ ዘመን ፌራሪዎች ላስቲክ መሰል ቅባት ያላቸው ቁልፎች ስለነበሯቸው በዕድሜ ብዛት ይቀልጣሉ፤ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም፣ ፀሐይ ቢያገኘውም በጥላ ቢቆምም። «ሁሉም እንዲህ ናቸው» አለኝ ወንድሜ፤ ጣቴን በቤንዚን ጨርቅ እየጠረገልኝ። የልብስ ብል የሚበላው የተቀመጠውን ነው፤ ይህኛው ግን የሚነዳውንም አይምርም።

ፋብሪካዎቹም ዝም አላሉም። ፖርሸ ለጥንት መኪኖቹ የጠፉ ዕቃዎችን በሦስት ገጽታ ማተሚያ እያተመ ይሸጣል፤ 292 ብቻ ለተሠራው 959 የፍሪሲዮን ዕቃ አትሟል። ኒሳንም ቶዮታም ለቀድሞ የስፖርት መኪኖቻቸው ዕቃ መልሰው መሥራት ጀምረዋል። ብረት ከሆነ ይታተማል፣ ይቀጠቀጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የማይታተመው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ፍጥነት ራሱ ረክሷል። ማክላረን ኤፍ 1 ዓለምን ያስደነቀው በ627 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ2021 ጀምሮ ግን አባወራ ልጆቹን ጭኖ የሚሄድበት ባለ አራት በር ቴስላ ፕሌድ 1,020 ይዞ ተሸጠ። ስለዚህ «ኃይለኛ ስለሆነ ይከበራል» የሚለው ስሌት ከእንግዲህ አይሠራም። የኤሌክትሪክ መኪናዎቹስ ይወርሱታል? ከፈጣኖቹ አንዱን የሠራው ክሮኤሺያዊው ማቴ ሪማች ራሱ በ2024 ባለጠጎቹ እንደማይፈልጉት ተናገረ፤ የእጅ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው በጥርስና በሞላ የሚሠራውን እንጂ ኤሌክትሮኒኩን እንደማይሰበስብ ዓይነት መሆኑ ነው። 150 ለመሥራት ያቀደውን ሸጦ ለመጨረስም ያን ጊዜ ተቸግሮ ነበር።

እንግዲህ ከዘመናዊዎቹ ምንም አይከበርም እያልኩ ነው? አይደለም። የሚከበሩ አሉ፤ ፍርዴንም አልደብቅም። ያለ ተርቦ በራሱ ትንፋሽ የሚጮህ ሞተር ያለው፣ ፍሪሲዮን በእግር ረግጠህ ማርሽ በእጅ የምትቀይርበት፣ ቁጥሩ በመቶዎች እንጂ በአሥር ሺዎች የማይቆጠር፣ ለዚያም መለዋወጫ የሚሠራ ቤት ያለው። ፌራሪ 599ን ብዙ ሰው የገዛው ማርሹ በራሱ የሚቀየረውን ነው፤ የእጅ ማርሽ ያዘዙት 30 ያህል ናቸው፤ ዛሬ እነዚያ ከወንድሞቻቸው በብዙ እጥፍ ይሸጣሉ። እዚህም ቢሆን «የመጨረሻ» እንዳያታልላችሁ። ፖርሸ በ2016 የእጅ ማርሽ ያለው 911 አርን 991 ብቻ ሠርቶ ሲሸጥ ዋጋው ወዲያው ተሰቀለ። በዓመቱ ያንኑ ዓይነት ማርሽ በጂቲ 3 ላይ መለሰውና የተሰቀለው ወረደ።

አንድ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «መምህር፣ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ተወቅሷል። በጨረታ ግን ያልተነዳው መኪና ነው የሚሸለመው። ገበያው ከወንጌል ጋር ተጣላ ማለት ነው?» ጥያቄው እውነት አለው፤ ለማስተባበልም አልሞከርኩም። ዛሬ የተሠራ መኪና ከሌላው ወንድሙ የሚለየው በማይሉ ማነስ ብቻ ስለሆነ፣ ገበያው የቀበረውን ይሸልማል። ግን አስተውሉ፤ ያ ማለት በነዳኸው ቁጥር የራስህን ገንዘብ ትበላለህ ማለት ነው። ለመሮጥ የተሠራ ነገር ገዝተህ ማስሮጥ ኪሳራ ሆነብህ። 250 ጂቲኦ ላይ ግን የተጋጨበት ጠባሳ ሳይቀር የታሪኩ አካል ሆኖ ዋጋው ላይ ተደምሯል። ፎርድ ይህ ነገር ገብቶት ነበር። አዲሱን ጂቲ ሲያወጣ ገዢዎቹን እያመለከቱ መረጠ፤ ለሁለት ዓመት እንዳይሸጡም አስፈረመ። ተፋላሚውና ተዋናዩ ጆን ሲና ቶሎ ሸጠው፤ ፎርድ በ2017 ከሰሰው፤ በዓመቱ ተስማሙ፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ፍቅርን በውል ማስፈረም ይቻላል እንዴ? ያው ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያስፈረመው።

ከአገራችን አንዲት ምስክር ልጥራ፤ ቮልስን። ቮልስዋገን ቢትል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ጥቂት የሚለው ትርጉም ፈጽሞ አይነካትም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬ ወጣቱ ይሻማባታል፣ ያስቀባታል፣ ወንበሯን ያሰፋላታል፣ ዋጋዋም ከዓመት ዓመት ጨምሯል። አንድም አባት ስለነዳት ነው። አንድም ማንኛውም የሠፈር መካኒክ በመፍቻና በካቻቢቴ ስለሚፈታት ነው። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ደግሞ ያለችው ቮልስ ይበልጥ ተፈለገች። ሚሊዮን ዶላር አታወጣም፤ ግን ተወዳለች፣ ትነዳለች፣ ትጠገናለች። ከሦስቱ «አንድም» ጥቂትነት ባይኖር እንኳ መፈለግ ብቻውን ዋጋ ይሰጣል የምላችሁ ለዚህ ነው።

ልጁ በመጨረሻ «እና እኔስ?» አለኝ። ወረቀት አወጣንና አብረን ቆጠርን። ማቆሚያው በወር 150 ዶላር ብቻ ነው እንበል፤ በ20 ዓመት 36,000 ይሆናል። ኢንሹራንሱ፣ በየጊዜው የሚሞተው ባትሪ፣ ሳይነዳ የሚያረጀው ጎማ፣ የብድሩ ወለድ ገና አልገባም። ከአሥር ሺዎች አንዱ የሆነው መኪና ይህን ሁሉ ሸፍኖ፣ የዶላርን መርከስ ቀድሞ፣ ቤት ይግዛልህ ማለት ምድር ቤት ያየሁትን ሸራ ያስታውሰኛል። ኃጢአት ነው ወይ ላልከኝ፦ መኪና መውደድ ኃጢአት አይደለም። በብድር የተገዛ፣ የማይነዳ፣ ሚስትህ የማታውቀው ከሆነ ግን ንስሐ አባትህ ጋር የሚያደርስ ነገር አለው።

ልትነዳው ከፈለግህ ግዛው፤ አቅምህን እየው፤ ሲያረጅ እንዳይቆጭህ። ለሀብት ከሆነ ተወው። ልታየው ከሄድክ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ጎንበስ ብለህ የጎማውን ጎን አንብብ። እዚያ በተጻፈው ኮድ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2419 ካለ፣ ጎማው የተሠራው በ2019 ሃያ አራተኛው ሳምንት ነው። «አዲስ ነው፣ አልተነዳም» የሚሉህ መኪና ጎማ ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነው፣ ከመፈረምህ በፊት ደውልልኝ።